ውኃ በሚለቀቅበት ቀን

ረሜይ የአክስቴ ልጅ ናት፤ ዓሣ ነጋዴ። ስምንት ዓመት ሙሉ አልተነጋገርንም። ምክንያቱን ብነግራችሁ ትስቃላችሁ። በገበያ መሐል፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «የብላይ ብስክሌቶች ከመቃብር ተቆፍረው የወጡ ናቸው» አለች። ብላይ እኔ ነኝ። ከወይራው ተራራ ተነሥቶ በኤብሮ ወንዝ ዳር ሜዳ ለሜዳ እስከ ባሕሩ የሚወርደውን መንገድ በብስክሌት ለሚያልፉ እንግዶች ብስክሌት አከራያለሁ፣ ካርታ እስላለሁ፣ ማረፊያ እመርጣለሁ፣ ሻንጣቸውን ወደሚያድሩበት አስልካለሁ። ከመቃብር የወጣ ብስክሌት የለኝም።

በመንደራችን ማስታወቂያ የሚነገረው ማዘጋጃ ቤቱ ጣሪያ ላይ በተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ነው። መጀመሪያ ዜማ ይለቀቃል፤ ቃሉ ከዚያ ይከተላል። ቀብር የራሱ ዜማ አለው፣ ዓሣም የራሱ። ሰው በዜማው ጉዳዩን ስለሚያውቅ የማይመለከተው ከሆነ ጆሮውን ይዘጋል። እኔ ግን የረሜይን ዓሣ የሚያስተዋውቀውን የጭፈራ ዜማ ስሰማ መስኮቴንም ጭምር እዘጋለሁ። ሚስቴ ሲንታ «ቆይ፣ ዓሣው ምን በደለህ?» ትለኛለች።

የዚያን ቀን ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ዜማው ሲጀምር እንደ ልማዴ ብድግ ብዬ መስኮቱን ጠረቀምኩት። ከዓሣው ቀጥሎ ሌላ ማስታወቂያ እንደተነበበ አላወቅሁም።

እንግዶቼ ዊብረንና ማይከ ያን ጊዜ በብስክሌት ከሄዱ አንድ ሰዓት አልፏቸው ነበር። ሆላንዳውያን ናቸው። ባልየው ዊብረን ሰባ ስድስት ዓመታቸው፣ ባለቤታቸው ማይከ ሰባ አንድ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በየሚያዝያው እኔ ዘንድ መጥተዋል፤ ቋንቋችንንም እየሰባበሩም ቢሆን ይናገራሉ። ለጉዞ ሲወጡ ስልካቸውን ያጠፋሉ፣ እስከ ማታም አይከፍቱትም፤ በዚህም ይኮራሉ። ጠዋት በር ላይ ቆመው ማይከ የምሳ ቅርጫታቸውን ሲያስሩ፣ «ዛሬስ የት እንረፍ?» አሉኝ።

«ወንዙ መሐል ያለችው ደሴት ላይ» አልኩ። ካርታው ላይ በቀይ ከብቤላቸው ነበር። «ውኃው ጎድሏል፣ በጠጠሩ ላይ በእግር ትሻገራላችሁ። ከዛፎቹ ሥር ምሳችሁን ብሉና ተኙ። ከአሥር ሰዓት በፊት እንዳትነሡ፣ ፀሐዩ ያቃጥላል።»

«አንተ ያልከውን ነው የምናደርገው» አሉ ዊብረን።

ይህን ቃል ያን ጊዜ በደስታ ነው የሰማሁት።

ሰባት ሰዓት ላይ ሲንታ ዳቦ ይዛ ገባች። እኔ አንዱን ብስክሌት ገልብጬ ካቴናውን ዘይት እቀባ ነበር።

«መንጠቆህን ይዘህ ወደ ወንዝ እንዳትወርድ ዛሬ» አለችኝ።

«ለምን?»

«ከላይ ከግድቡ ውኃ ለቀቁ አይደል እንዴ! ወንዙ ውስጥ የበቀለውን አረም ሊጠርጉ። በአራት ሰዓት ይለቀቃል ብለው ጠዋት በማጉያው ተናገሩ እኮ። ጆሮህን ለማን አከራየኸው?»

«መቼ ተናገሩ?»

«ከረሜይ ዓሣ ቀጥሎ።»

የዘይቱ ጣሳ ከእጄ ወደቀ። ሲንታ ፊቴን አየች፤ ካርታ ስስል አብራኝ ስለምትቀመጥ ደሴቲቱን ታውቃለች። ዳቦውን አስቀምጣ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«እነማይከ…» አለች።

«ደውይላቸው።»

«ስልካቸው ዝግ ነው፣ ታውቃለህ እኮ!»

«ለአደጋ ጊዜ ሠራተኞች ደውይ።»

ደወለች። አርባ ደቂቃ ይፈጅብናል አሏት። በመኪና ልሂድ ብል ተራራውን መዞር ነው፤ እሱም አርባ ደቂቃ ነው። ዱሮ ሰዎች ጀልባ በገመድ ይጎትቱበት የነበረው የወንዝ ዳር መንገድ ለብስክሌት ብቻ ነው የሚበቃው፤ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር። ውኃው በመንደራችን ዳር የሚያልፈው ልክ በዚህ ሰዓት ገደማ ነው። ከዚያ ደሴቲቱ ላይ ለመድረስ ስንት ደቂቃ ይበቃዋል? ማሰብ አልቻልኩም። በአጠገቤ የተገኘውን ብስክሌት ይዤ ወጣሁ።

እውነቱን ልናገር፤ ፈርቼ አላውቅም የሚል ሰው አይደለሁም፣ እንዲያ ያለ ፍርሃት ግን አላውቅም ነበር። አባቴ ጀልባ ቀዛፊ ነበር። ወንዙ ጠጥቶ የመለሳቸውን ሰዎች ሁለት ጊዜ በመንጠቆ ስቦ ሲያወጣ አይቻለሁ። አንዷ ሴት ነበረች፤ ጫማዋ አንዱ እግሯ ላይ ብቻ ነበር። በወይራው መሐል ስጋልብ ያ ጫማ ከዓይኔ አልጠፋ አለኝ። በወይራዎቹ ሥር የተቆረጠ ቅርንጫፍ የሚያቃጥል ሰው «ብላይ! ማን ሞተ?» ብሎ ጮኸብኝ። ቀልዱን ነው። እኔ ግን ፔዳሉን ይበልጥ ረገጥኩት።

ከወይራው ወጥቼ ሜዳው ላይ ስደርስ ወንዙን አየሁት። ጸጥ ብሏል። ለጊዜው ተስፋ አደረግሁ። ኋላ ግን ከሥሩ የተነቀለ የአረም ምንጣፍ ከጎኔ ሲሄድ አየሁ። ቀጥሎ ሌላ፣ ቀጥሎ አንድ ሙሉ ቅርንጫፍ። ውኃው ጩኸት የለውም፣ ማዕበል የለውም፤ ዝም ብሎ ከፍ እያለ፣ እየደፈረሰ ይሄዳል። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለውን ያን ዕለት በዓይኔ አየሁት። አረሙ ከእኔ ጋር እኩል ይሄድ ነበር። ስፈጥን ይቀራል፣ ትንፋሽ አጥሮኝ ስቀንስ ይደርስብኛል። ስድሳ አንድ ዓመቴ ነው፤ ደረቴ ተቃጠለ። «አምላኬ፣ እባክህ ዛሬ እንዳይተኙ» እያልኩ ፔዳሉን እመታለሁ። ደግሞ አስታውሳለሁ፤ ተኙ ያልኳቸው እኔ ነኝ።

ስደርስ ሁለቱ ብስክሌቶች ዳር ላይ ተደግፈው ቆመዋል። ጠጠሩ የለም። ሙሉ በሙሉ ተውጧል። ከደሴቲቱ ዛፎች ሥር ነጭ ጨርቅ ይታየኛል፤ ከጨርቁ አጠገብ ሁለት ሰዎች ተጋድመዋል።

«ዊብረን! ማይከ!»

ነፋሱ ዛፎቹን እያንኮሻኮሸ ነበርና አልሰሙኝም። ድንጋይ ወረወርኩ፣ አልደረሰም። ለአንድ አፍታ፣ ለአንድ አፍታ ብቻ፣ «የአደጋ ጊዜ ሠራተኞቹ ይመጣሉ፣ እዚህ ቆይ» የሚል ሐሳብ መጣብኝ። ይህን ለሲንታ እንኳ አልነገርኳትም። ከዚያ ገባሁ።

ውኃው ጉልበቴ ላይ ነበር፣ መሐል ላይ ጭኔ ደረሰ። ቀዝቃዛ ነው። አረሙ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ይጠመጠማል፤ እያንዳንዱን እግሬን ነቅዬ ነው የማነሣው። ስወጣ ዊብረን አንድ ዓይናቸውን ገለጥ አደረጉ።

«ብላይ? አሥር ሰዓት ሆነ እንዴ?»

«ይነሡ! ውኃው እየመጣ ነው! አሁኑኑ!»

ማይከ ተነሡና መጀመሪያ ያደረጉት ነገር የምሳውን ጨርቅ ማጠፍ ነበር። ጥግ ከጥግ እያገናኙ፣ ቀስ ብለው። ነጥቄ ወረወርኩት። ደነገጡ፤ ግን ከጨርቁ መነጠቅ ይልቅ በፊቴ ሁኔታ የደነገጡ ይመስለኛል። ቀጥለው ሄልሜታቸውን አነሡና ራሳቸው ላይ አሰሩ።

«ሄልሜት ለምን ያደርጋሉ?» ብዬ ጮኽኩ።

«ሲያስፈራኝ አደርጋለሁ» አሉኝ።

እኔ ከፊት፣ ማይከ ከመሐል፣ ዊብረን ከኋላ፣ ቀበቶ ለቀበቶ ተያይዘን ገባን። አሁን ውኃው ወገቤ ጋ ነው። ዊብረን በራሳቸው ቋንቋ ይቆጥራሉ፤ ለእያንዳንዱ እርምጃ አንድ ቁጥር። መሐል ላይ ስንደርስ ማይከ ቆሙ።

«አልችልም» አሉ።

«ይችላሉ።»

«አልችልም፣ ብላይ። እግሬ የታሰረ ነው።»

አረሙ ነው። ጎንበስ ልል ስል አንድ የወደቀ ቅርንጫፍ መጥቶ ጎናቸውን መታቸው፤ ጠፉ። ከቀበቶዬ ላይ እጃቸው ሲለቅ ተሰማኝ። ሌላ ነገር አልተሰማኝም፣ ጆሮዬም ዝም አለ። እጄን ወደ ድፍርሱ ሰድጄ የያዝኩት የሄልሜቱን ማሰሪያ ነበር። ሳብኩት። አገጫቸው ወጣ፣ አፋቸው ወጣ፣ ሳሉ። ዊብረን ቁጥራቸውን አላቆሙም፤ ድምፃቸው ግን ልቅሶ ሆኖ ነበር። እንዴት ዳር እንደደረስን በደንብ አላስታውስም። ሣሩ ላይ በአፍጢማችን ወድቀን ሳለ ዞሬ ሳይ ከደሴቲቱ የቀረው የዛፎቹ ግንድ ብቻ ነበር።

ብዙ ከቆየን በኋላ ማይከ ተነሥተው ተቀመጡ። አንድ ጫማቸው የለም። ወደዚያ እግር ማየት አቃተኝ። እጄን ይዘው ሳሙት።

«እግዚአብሔር ላከህ» አሉ። «እንዴት አወቅህ?»

ዝም ብል ጀግና ሆኜ እቀር ነበር። የአደጋ ጊዜ ሠራተኞቹ ሲመጡ ያመሰግኑኛል፣ ሲንታ ትኮራለች፣ በሚቀጥለው ሚያዝያም ይመጣሉ። የሚገርመው፣ ከውኃው ይልቅ እውነቱን መናገር ነው የፈራሁት።

«ጠዋት በድምፅ ማጉያው ተነግሮ ነበር» አልኩ። «ሦስት ሰዓት ላይ። መንደሩ ሁሉ ሰምቷል። እኔ መስኮቱን ዘግቼ ነበር።»

«ለምን?» አሉ ዊብረን።

«ከአክስቴ ልጅ ጋር ስለተጣላሁ።»

ምክንያቱ ከአፌ ሲወጣ ስንጥር እንኳ አያህልም ነበር። ማይከ እጄን ለቀቁት። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ወደ ውኃው እያዩ፣ «ሌላስ ያልሰማኸው ምን አለ?» አሉኝ። «ነገ የምንሄድበት መንገድ፣ በዋሻዎቹ በኩል ያለው፣ መቼ ነው ያየኸው?»

ልዋሽ አልኩና አቃተኝ።

«ከመስከረም ወዲህ አልሄድኩበትም። ካርታውን የምስለው ከልምድ ነው።»

«የደሴቲቱንስ?»

«አምናም አልሄድኩም፣ ካቻምናም።»

ዊብረን ሁለቱን እጆቻቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ «አንተ ያልከውን ነው የምናደርገው» ያሉኝን ጊዜ ሁሉ አሰብኩ፤ እነሱም ያን ጊዜ እሱን ያስቡ እንደነበር እርግጠኛ ነኝ። ሌሎችም አሉ፤ ያንን ቀይ ክብ ይዘው የወረዱ፣ ስማቸውን የማላስታውሳቸው። ከእነሱ መሐል ማንም አለመሞቱ በእኔ ጥንቃቄ እንዳልነበረ ገባኝ።

ማይከ ባዶ እግራቸውን ከሣሩ ላይ አንሥተው ቆሙ። ሄልሜታቸውን አልፈቱም።

«ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እንነሣለን» አሉ። «አንተ ከፊት ከፊት ትሄዳለህ። እኛ አንተ ካለፍክበት በኋላ እናልፋለን።»

«እሺ» አልኩ።