የመሰለች ትንፋሽ

መሰለች የተበጠሰውን ክር ልትቀጥል እጇን ወደ ማሽኑ እንደዘረጋች ማስነጠሱ ያዛት። አንዱ ሌላውን እየጎተተ መጣ፤ ዓይኗ በእንባ ተሞላ፤ ደረቷ ሲር ሲር አለ። የጥጥ ብናኝ ድሮም አይስማማትም ነበር፤ ዘንድሮ ግን ጭራሽ ባሰባት። አለቃዋ፣ "ሂጂና ድሬሰሩን አነጋግሪ፤ ክሩን ሁሉ ልታበላሺው ነው" ብሎ ሰደዳት።

የፋብሪካው ክሊኒክ አንዲት ጠባብ ክፍል ናት። ቁስል ጠራጊም መድኃኒት ሰጪም የሆኑት ድሬሰር ፀሐዩ ከጃንሆይ ፎቶግራፍ ሥር ተቀምጠዋል፤ ተራ ጠባቂው እስከ ጠረጴዛቸው ይተፋፈጋል፤ የአንዱን በሽታ ሌላው ሳይሰማ አይቀርም። ከመሰለች ኋላ ደግሞ ማን ቢቆም ጥሩ ነው? ከጎኗ ማሽን የምትሠራው አቻምየለሽ!

"አለርጂ ነው፤ ብናኙ ነው የማይስማማሽ" አሉ ድሬሰሩ ደረቷን አዳምጠው። "ለመሆኑ እርጉዝ ነሽ እንዴ? ይሄ ኪኒን ለእርጉዝ አይሰጥም።"

የአቻምየለሽ ትንፋሽ ማጅራቷ ላይ ተሰማት።

"ኧረ አይደለሁም" አለች።

ዋሸች። ሦስት ወር አልፏታል። ከዚህ በፊት ሁለቴ ጨንግፎባታል፤ ሁለቴም ወሬው ከአፏ በወጣ ማግስት። የኋለኛውማ አቻምየለሽ፣ "ሆድሽ ገፋ አይደል?" ብላ በሳቀች በሳምንቱ ነበር። የሰው ዓይን ነው አለች እናቷ፤ የሰው ዓይን ነው አለ ሰፈሩ። መሰለችም ከእንግዲህ ሆዷ ራሱ እስኪናገር ላትናገር ምላ ነበር።

ከሥራ ስትወጣ ኪኒኑን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ በኡሙልኸይር ሱቅ በኩል አለፈች። ደጃፉ ላይ አንዲት ቢጫ የሕፃን ቆብ ተሰቅላለች። ስንት ጊዜ ቆማ አይታታለች! ሳይወለድ ልብስ አይገዛምና እጇን አትዘረጋም፤ ግን እዚያ ቆብ ውስጥ የሚገባው ራስ፣ ሞቅ ያለው፣ ወተት ወተት የሚሸተው፣ እንዴት ናፈቃት! ያላዩት ሰው እንዲህ ይናፍቃል እንዴ?

ምስጢሩን ከባሏ ሌላ የምታውቅ ጎረቤቷ ዳሲቱ ብቻ ናት።

"ጣይው ይሄን መድኃኒት" አለቻት ኪኒኑን ስታሳያት። "ለአንቺ አይሆንም ተብሎ የለ?"

"መተንፈስ አቃተኝ እኮ፣ ዳሲቱ።"

"ታዲያ እውነቱን ለምን አልነገርሻቸውም?"

"አቻምየለሽ ከኋላዬ ቆማ?"

"አይ አንቺ! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል አልሰማሽም?"

አመሻሹ ላይ የባቡሩ ፉጨት ተሰማ። ባሏ ሳህሌ የባቡር ሠራተኛ ነው፤ አሁን ድሬዳዋ ነው። ሲሄድ ሆዷን በዓይኑ እያመለከተ፣ "አደራ" ብቻ ነበር ያላት። መሰለች ግድግዳውን ተደግፋ አየር ፈለገች። ትንፋሽ ባጠራት ቁጥር ውስጧ ያለውም አብሯት የሚታፈን መሰላት። ከአቻምየለሽ ዓይን አዳንኩት ስትል በገዛ ዝምታዋ ልታጣው ነው። ፈራች፤ ከዓይኑም ይልቅ ይሄን ፈራች።

በማግስቱ ጠዋት ክሊኒኩ እንደወትሮው ሞልቷል። አቻምየለሽም የቆሰለ ጣቷን ልታስጠርግ እንደገና መጥታለች።

"አንቺ፣ ዛሬም አልተሻለሽም?" አለቻት።

መሰለች ወደ ጠረጴዛው ተጠጋች። ተራዋ ሲደርስ የቋጠረችውን የነጠላዋን ጫፍ ፈታ ኪኒኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

"አልዋጥሽውም? ምነው?" አሉ ድሬሰሩ።

ዞር ብላ አቻምየለሽን አየቻት። አፍና አፍንጫዋን የሸፈነችበትን ሻሽ ዝቅ አደረገች፤ ድምጿን ግን አልቀነሰችም።

"እርጉዝ ነኝ፣ ጋሼ። ለሁለታችን የሚሆነውን ይስጡኝ።"