በጤና ጣቢያው ጣሪያ ላይ ሁለት ሶላር

ወንድሜ ብየዳ ይሠራበት የነበረው ፋብሪካ ከተዘጋ ወዲህ እጁ አላርፍ አለ። ሥራ የፈታ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል እንዲሉ፣ ከአሮጌ መኪና የዝናብ መጥረጊያ ሞተር ፈታና ሶላርን ከጠዋት እስከ ማታ ፊቷን ወደ ፀሐይ እንደመለሰች የሚያዞራት የብረት ማቀፊያ ሠራ። መጀመሪያ ስቄበት ነበር። ስትዞር ሳያት ግን አፌን ያዝኩ።

እኔ የጤና ጣቢያው ኤሌክትሪሺያን ነኝ። ለክትባት ፍሪጅና ለማዋለጃ ክፍል መብራት በአሥራ አንድ ጤና ጣቢያዎች ሶላር ሊተከል መሆኑን ስሰማ፣ የሁሉም ኃላፊ የሆኑትን ዋና ነርሷን ለምኜ ሙከራ አስፈቀድኩ። ጣሪያው ላይ አንድ ዓይነት ሁለት ሶላር ወጣ፤ አንዷ በወንድሜ ማቀፊያ የምትዞር፣ ሌላዋ ባለችበት የቆመች። እኔ ታች ክፍሌ ውስጥ ሆኜ በየቀኑ ቆጣሪያቸውን አነባለሁ። የእሱ ከበለጠች የአሥራ አንዱም ሥራ የእሱ ነው። ሦስት ልጆች አሉት፤ ሥራ ካጣ ደግሞ ዓመት አልፎታል።

በሃያ ስምንተኛው ቀን የምትዞረው ከመቶ አርባ እጅ በልጣ ተገኘች። ወንድሜ ለሰማውም ላልሰማውም አወራ። እኔን ግን ነገሩ ከነከነኝ፤ አርባ በዛብኝ። ጣሪያ ወጥቼ የቆመችውን ብነካት ጣቴ ነጭ ሆነ። ለካ ከጎናችን ያለው ወፍጮ ቤት ብናኙን ሲያራግፍባት ከርሟል። ወንድሜ የራሱን በየጠዋቱ እንደ ሕፃን ፊት ሲጠርጋት፣ ያቺን ዞር ብሎ ያያት የለም። እኔም ብሆን ቆጣሪው ላይ አፍጥጬ አንድ ቀን ቀና አላልኩም። በራሴ በጣም ተናደድኩ።

ሪፖርቱ ላይ የምፈርመው እኔ ነኝ። ዝም ብል ማን ያውቃል? የልጆቹ ፊት ድቅን አለብኝ። ዓይኔን በጨው ታጥቤ መፈረሙ ግን አልሆነልኝም። ሄጄ ነገርኩት።

“ሆን ብዬ አይደለም፣” አለ።

“አውቃለሁ፣ ወንድም ጋሼ።”

ባልዲና ጨርቅ ይዞ ጣሪያ ወጣና የቆመችውን በገዛ እጁ አጠባት። ሌላ ወር እንድንለካም እሱ ራሱ ጠየቀ። በየጠዋቱ ሁለቱንም እኩል ጠረገ። አርባው ወርዶ ወርዶ ሃያ ሁለት ላይ ቆመ።

ዋና ነርሷ ቢሯቸው አስቀምጠውን ሁለቱንም ሪፖርት አነበቡ። የመጀመሪያው ለምን እንደተሳሳተ ወንድሜ አንድም ሳይደብቅ ነገራቸው። እሳቸውም ሳይሸፋፍኑ መለሱ፤ ሃያ ሁለት ቀላል አይደለም፣ ነገር ግን ሞተሩ ቢበላሽ ሩቅ ያሉት ጣቢያዎች ጠጋኝ የላቸውም፤ ስለዚህ የቆመችው ትሻላለች፣ የጎደለውን አንድ ሶላር በመጨመር እንሞላዋለን አሉ። ልቤ ስንጥቅ አለ። ወንድሜ ሊወጣ ኮፍያውን አነሣ።

“ይቀመጡ እንጂ፣” አሉት። “የቆመችውም ማቀፊያ ያስፈልጋታል። በወላዶቼ አናት ላይ ብረት እንዲያስርልኝ የምፈልገው በራሱ ላይ የሚመሰክር ሰው ነው። ለአሥራ አንዱም የማይንቀሳቀስ ይሠሩልኛል?”

ወንድሜ እኔን አየ፣ እሳቸውን አየ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ሳቀ።

“ዓመት ሙሉ ብረት ካልተንቀሳቀስክ ብዬ ስታገል የከረምኩ ሰው፣ ዝም ብለህ ቁም ማለት ያቅተኛል ሲስተር?” አለ። “ለሚጠርጋትም ሰው መሰላል እጨምርበታለሁ።”