የተለቀቀው ዕጣ

ካዛንቺስ አንድ ትምህርት ቤት ኢኮኖሚክስ አስተምራለሁ። ገንዘብ በዝቶ ዕቃ ሲያንስ ዋጋ ይንራል፤ ያኔ መንግሥት ወጪውን ይቀንሳል፣ ባንክ ወለድ ከፍ ያደርጋል። ይህን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሰሌዳ ላይ ጽፌያለሁ። በ2000 ዓ.ም. የሠራሁትን ሞኝነት ግን ከተማሪዎቼ ሰነፉ እንኳ አይሠራውም።

ላንቻ ባለው ዕቁባችን አርባ ሰዎች በየሳምንቱ ሁለት መቶ ብር እንጥላለን። በጥቅምት የስምንት ሺው ብር ዕጣ ለእኔ ወጣ። ባለቤቴ ቅድስት ከጸሐፊነት ሥራዋ ተቀንሳ ስለነበር ኦሎምፒያ አካባቢ ፎቶ ኮፒ ቤት ልትከፍት አስባለች፤ ማሽኑም ስምንት ሺ ነበር። ቡልጋሪያ ሰፈር ሱቅ ያለው ጓደኛዬ ሙሐሲን ግን "ዘይት ሊወደድ ነው፤ ዕጣህን ልቀቅልኝና የመጨረሻውን ትወስዳለህ" ሲለኝ እሺ አልኩት። ስምንት ሺ መቼም ስምንት ሺ ነው ብዬ። እኔ መምህሩ!

በሰኔ ተራዬ ሲደርስ ማሽኑ አሥራ ሁለት ሺ አምስት መቶ ገብቷል። ቅድስት ጠባብ ክፍል ተከራይታለች፤ በወሩ መጨረሻ ሥራ ካልጀመረች አከራዩ ለሌላ ሰው ይሰጠዋል። ሳልካስ ከዕቁቡ ላልመለስ ምዬ ሄድኩ።

"በእኔ ዕጣ ሠላሳ ሁለት ጄሪካን ዘይት ገዛህ" አልኩት ሙሐሲንን በሰው ፊት። "ዛሬ በዚሁ ብር ሃያ ብቻ ነው የሚገኘው። የአሥራ ሁለቱን ዋጋ ጨምርልኝ።"

"ብር ላይ ብር ከጨመርኩ ወለድ ነው፤ ለእኔ ሐራም ነው" አለ። "ማለቴ... እንደተጎዳህ አውቃለሁ። ግን አልችልም።"

የዕቁቡ ዳኛ እትዬ አዚዛ ወደ እኔ ዞሩ። "መምህር፣ ስትጠይቀው ወለድ ይሆንበታል። ሳትጠይቀው ከሰጠህ ግን ስጦታ ነው። ጥያቄህን ተወው።"

"ብተወውና ባይሰጠኝስ?"

"እሱ የራሱ ጉዳይ ነው።"

ሙሐሲን አቀርቅሯል። ይህን ሰው አሥር ዓመት አውቀዋለሁ፤ አንድም ቀን አታሎኝ አያውቅም።

"ትቼዋለሁ፤ ምንም አልፈልግም" አልኩና ስምንት ሺውን ይዤ ወጣሁ። ቅድስት ይህን ስትሰማ አኮረፈችኝ፤ አልፈርድባትም።

ሦስት ቀን ድምፅ ጠፋ። በአራተኛው ቀን ጠዋት ሙሐሲን ራሱ ጋሪ እየገፋ የቅድስት ክፍል በር ላይ ደረሰ። አሥራ ሁለት ጄሪካን ዘይት ጭኗል።

"ስጦታ ነው፣ በቃ" አለ ዓይኔን ሳያይ። ጄሪካኖቹን አብሬው አወረድኩ።

የሰፈሩ ሰው ተሻምቶ ገዛና ዘይቱ እስከ ቀትር አለቀ፤ ብሩም ከስምንት ሺው ጋር ተደምሮ ለማሽኑ በቃ። ቅድስት ደክሟት ባዶ ጄሪካን ላይ ተቀመጠች። "ማሽኑን ሰኞ ረጋ ብለን እንግዛ" አለች።

"ቦርሳሽን ያዢ" አልኳት። "ይህ ብር አንድ ሌሊት እንኳ እኛ ቤት አያድርም።"