አቡ ሙፍሊሕ ታንካቸው ውስጥ

አቡ ሙፍሊሕ ልጃቸውን ሹሩቅን አልሰጥህም ያሉኝ በታንካቸው የተነሳ ነው። ከጦሩ ጡረታ እስኪወጡ የነዱትን ታንክ ዘይቱን አጥበን፣ ዓሣ ይግባበት፣ ጠላቂም ይጎብኘው ብለን አቃባ ባሕር ውስጥ ያሰመጥነው እኛ ነና። እኔ የዚያ የባሕር ሥር ሙዚየም አስጎብኚ ነኝ።

"ታንኬን ላሰጠመ ልጄን ልስጥ? በሕልምህ" አሉኝ።

"ይምጡና ይዩት፣ አጎቴ" አልኳቸው። እልኸኛ ናቸው፣ መጡ። አንድ ሳምንት ዳር ዳሩን መጥለቅ አለማመድኳቸው። ሹሩቅ ደግሞ በጎን፣ "ናውፋል፣ አባቴን አንድ ነገር ቢያገኘው እኔን እርሳኝ" አለችኝ። አትቀልድም።

በወረድን ዕለት ጎኔ ነበሩ። የአንዷን እንግዳ የመጥለቂያ መነጽር አስተካክዬ ዞር ስል ሰውየው የሉም። ወደ ታንኩ ብበር፣ በሾፌሩ መግቢያ በእግራቸው እስከ ወገባቸው ገብተው ተወትፈዋል። ዕድሜ ልካቸውን ዓይናቸውን ጨፍነው የገቡበት በር ነዋ፤ ያኔ ግን ጀርባቸው ላይ የአየር ሲሊንደር አልነበረም። አሁን ሲሊንደሩ ጠርዙን ነክሶ ወይ አይገቡ ወይ አይወጡ። አየራቸው ወደ ማለቁ ነው።

በአንድ እጄ መተንፈሻው ከአፋቸው እንዳይወልቅ ደግፌ፣ በሌላው ማሰሪያውን ፈትቼ ሲሊንደሩን አላቀቅኩት። ተመስገን፣ አሁን ይወጣሉ ስል፣ ቁልቁል ተንሸራተው መቀመጫቸው ላይ ቁጭ አሉ። ቱቦው ከአፋቸው ሳይወጣ፣ ሲሊንደሩን እንደ ሕፃን አቅፌ ከበላያቸው ቀረሁ። ብሳደብ ደስ ይለኝ ነበር፣ አፌ ግን በመተንፈሻ ተይዟል። እንደ ምንም ጎትቼ አወጣኋቸው።

ጀልባው ላይ ሹሩቅ አባቷን አቅፋ እያለቀሰች ሳቀች። እኔ እፎይ ብዬ ወለሉ ላይ ተዘረርኩ። እንደዚያ ቀን አየር ጣፍጦኝ አያውቅም።

"አጎቴ፣ እንዳይገቡ አላልኩም?"

"ቤቴ ስገባ አንተን ላስፈቅድ?" አሉ። "ፔዳሉ ሥር ዓሣ ተኝታለች። በእግሬ ነካ ባደርጋት አፍጥጣ አየችኝ፤ የማን ቤት ገባህ የምትል ነው የምትመስለው።"

"ተናደዱ?"

"ለምን እናደዳለሁ? እንቅልፍ የነሳኝ ታንኬ ባሕር ሥር ብቻውን ይዝጋል ብዬ ነበር። ለካ ሰው ገብቶበታል።" ፊታቸውን በፎጣ ጠረጉ። "በል፣ አርብ ሽማግሌ ላክ። ወፍራም ግን እንዳትልክብኝ፣ የቤቴ በር ጠባብ ነው።"