የከበሮ ሆዱ ንጉሥ

«ከእኔ የተሻለ ምት የሚጠብቅ ሰው ሲያትል ውስጥ ካለ፣ እሱ ገና አልተወለደም» አለች ሶሲ፣ ከመኪናው ወርዳ በሩን እስክትዘጋ እንኳን ሳትታገስ። ዕድሜዋ አሥራ አምስት ነው። ስለ ራሷ ስታወራ ግን አርባ ዓመት መድረክ ላይ የቆመች ዘፋኝ ነው የምትመስለው።

እናቷ ደስታነሽ ከሰፈራቸው ከሌክ ሲቲ እስከ ኦቴሎ ይህንኑ ስትሰማ ነው የመጣችው። ፓርክ የምታደርግበት አጥታ ሰፈሩን ስትዞር ደግሞ ትዕግሥቷ አልቋል።

«ኦኬ፣ ሰማሁ። አሁን ያንን ድፎ ዳቦ ያዢና ግቢ።»

ድግሱ ኦቴሎ፣ አጎቷ ቤት የተደገሰ የሩሐማ ምረቃ ነበር፤ ሩሐማ ነርስ ሆናለች። ሶሲ ደስ ብሏታል፣ አይካድም። ዐይኗ ግን የነበረው የሩሐማ ታናሽ ወንድም አቤል ላይ ነው። አቤል የአክስቷ ልጅ ነው፣ እኩያዋ ነው፣ በዚያን ቀን ደግሞ ጠላቷ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አምና ለገና አጎታቸው ጋሼ ሀብተ ጊዮርጊስ ለሁለቱ ቤት አንድ የጌም ማሽን ገዙ። ለሁለት ቤት አንድ። «ስትካፈሉት ቤተሰቡ ይጠያየቃል» ብለው አስበው ነው። ቤተሰቡ ግን ተጨቃጨቀ። ማሽኑ በየእሑዱ ከቅዳሴ በኋላ በፌስታል ተጠቅልሎ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ፓርኪንግ ላይ ከመኪና ወደ መኪና ይሻገራል፤ አንዱን ሳምንት ሌክ ሲቲ ሶሲ ጋ፣ ሌላውን ማውንትሌክ ቴራስ አቤል ጋ። ከሩቅ ላየው ሰው ነጠላ የለበሱ ሰዎች የተሰረቀ ዕቃ የሚሻሻጡ ነው የሚመስለው። አንዱ ገመድ ይረሳል፣ ሌላው ስልክ ይደውላል፣ እናቶች በትራፊክ መሀል ይመላለሳሉ። በመጨረሻ ወላጆች በቃን አሉ፤ ጋሼም በገዙት ዕቃ ላይ ራሳቸው ሽማግሌ ሆነው ተቀመጡ። ፍርዳቸው አጭር ነበር። በምረቃው ዕለት ሁለቱም ሰው ፊት ይጫወታሉ፤ በጨዋታው ጉድጓድ ጠልቆ የወረደው ማሽኑን ክረምቱን ሙሉ ይወስዳል። ሲያትል ክረምት የምንለው ፀሐይ የሚወጣበትን ጊዜ ነው፤ ቢሆንም ትምህርት ቤት ከተዘጋ ክረምት ነው፣ አለቀ።

ጨዋታው ረጅም የእንግሊዝኛ ስም አለው፤ እነሶሲ ግን «ምት ወይ ሞት» ነው የሚሉት። አንዲት ልጅ ችቦ ይዛ ጉድጓድ ውስጥ ትገባለች። ጉድጓዱ ፎቅ በፎቅ ወደ ታች ይሄዳል፤ በየፎቁ የሚራመዱ አጽሞችና የሚናከሱ የሌሊት ወፎች አሉ። ሌላ ጌም ላይ ቢሆን እንደልብ ይሮጣል። እዚህ የሚረገጠው ሙዚቃው ሲመታ ብቻ ነው። ከቀደምሽ እግርሽ ይያዛል፣ ከዘገየሽ ትነከሻለሽ፣ ከሞትሽ ደግሞ እንደገና ከላይ። የሶሲ ክፍል ልጆች ግማሾቹ «ይሄ ጌም ሰው ይጠላል» ብለው ትተውታል። የቀሩት ትምህርት ላይ ጠረጴዛ በጣታቸው እየመቱ ከመምህር ጋር ይጣላሉ። ሶሲም መጀመሪያ ሰሞን ትራሷን ነክሳለች። ከዚያ አንድ ቀን ጣቶቿ ሳታዛቸው መራመድ ጀመሩ፤ ሲገድላት የከረመው ሙዚቃ እንደ እንግዳ እጇን ይዞ አስገባት። ከዚያ ወዲህ ሻወር ውስጥ ሳሙና የምታነሳው እንኳን በምት ነው።

አራተኛውን ፎቅ ግን እሷም አቤልም አልፈውት አያውቁም። እዚያ የከበሮ ሆዱ ንጉሥ አለ። ሆዱን እየደለቀ ሁለት ምት ይራመዳል፣ በሦስተኛው ቀጥ ይላል። እሱ ሲቆም አንቺም መቆም አለብሽ፤ በዚያች ምት የተነቃነቀ አለቀለት። ሶሲ ደግሞ መቆም የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። አቤል ሁልጊዜ «ዩ ራሽ፣ ትቸኩያለሽ» ይላታል። እሷም ሁልጊዜ «ቅናት ነው» ትለዋለች።

ምግብ ተበልቶ ሲያበቃ ጋሼ ቴሌቪዥኑን ከድግሱ ስፒከር ጋር አገናኙት። ዕጣ ወጣ፣ አቤል ቀደመ። ሳሎኑ ሙሉ ሰው አየው። ልጁ ረጋ ያለ ነው፤ ሦስቱን ፎቅ ላብ ሳይወጣው ወረደ፣ ከንጉሡ ጋርም ረጅም ሰዓት ተያያዘ። የንጉሡ ዘፈን እየዞረ እየዞረ መጣ። በመጨረሻ አንድ የሌሊት ወፍ ከኋላው መጥታ ነከሰችውና ወደቀ። ንጉሡ አልሞተም። ሶሲ ከጣለችው ማሽኑ የሷ ነው። እሷም እዚያው ከወደቀች እኩል ናቸው፤ እኩል ከሆኑ ደግሞ ጋሼ «ማሽኑ እኔ ጋ ይቀመጣል» ብለዋል። ይህ ማለት ክረምቱን ዜና ከሚያዩበት ቴሌቪዥን ሥር አቧራ ይጠጣል ማለት ነው።

«ዋች ኤንድ ለርን፣ አይተህ ተማር» አለችው ሶሲ ኮንትሮለሩን ስትቀበለው።

ሦስቱን ፎቅ በእውነት አሳመረችው። አጽሞቹን በዘፈን አሰልፋ አፈረሰቻቸው። ሰው አደነቀ፣ እናቷ እንኳን ስልኳን አውጥታ መቅረጽ ጀመረች። አራተኛው ፎቅ ላይ ንጉሡ ሆዱን ገና ሁለቴ እንደደለቀ ስፒከሩ «ጢጥ» አለና ዝም አለ። ከቀትር ጀምሮ ሲጮህ ውሎ ባትሪው አልቋል።

«ቻርጀሩ መኪና ውስጥ ነው» አሉ ጋሼ ኪሳቸውን እየዳበሱ።

«ፖዝ አድርጊው» አለ አቤል። ለክፋት አልነበረም።

ሶሲ ያን ሁሉ ሰው አየች። «አያስፈልገኝም። ምቱ ውስጤ ነው ያለው።»

ውስጧ ያለው ምት ግን የልቧ ነበር፤ ልቧ ደግሞ እንደተባረረች ዶሮ ነው የሚሮጠው። ሁለት ረገጠች፣ ሦስተኛውም ላይ ረገጠች። ንጉሡ መታት። ስክሪኑ ጥግ ላይ ካሉት ቀይ ልቦች አንዱ ጠፋ። «እቆማለሁ» አለች ለራሷ፤ ደግሞ ቀደመች። ሌላ ልብ ጠፋ። አሁን ፖዝ ብትል አፏ የት ይገባል? አንድ ልብ ቀራት። ማሽኑ እዚሁ ጋሼ ቤት አቧራ ለብሶ ታያት።

ያኔ ከሶፋው ጥግ ጭብጨባ ተሰማ።

የጋሼ ጎረቤት እትዬ ነጂባ ናቸው፤ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ሱቅ ያላቸው። እዚህ አገር ያላዩት ሠርግ የለም። የኪራይ አዳራሽ ስፒከር ደግሞ ሙሽራ ሲገባ መሞት ይወዳል፤ እንዲህ ሲሆን ሴቶቹ ባለሙያ ፍለጋ አይሄዱም፣ ዘፈኑን ከቆመበት በእጃቸው ያነሱታል። እትዬ ነጂባም አቤል ሲታገል የንጉሡን ዘፈን እስኪሰለቻቸው ሰምተውታል። ዐይናቸውን የንጉሡ ሆድ ላይ ተክለው ምቱን ያዙት። ጨብ፣ ጨብ፣ ዝም። ጨብ፣ ጨብ፣ ዝም።

ደስታነሽ ስልኳን ጣለችና ተከተለች። ሩሐማ በምረቃ ካባዋ ተነሳች። አንድ ዙር ሳይሞላ ሳሎኑ በሙሉ አንድ እጅ ሆነ፤ ብርጭቆዎቹ ጠረጴዛው ላይ ተንቀጠቀጡ። ዝም ሲሉ ዝምታው ራሱ ይከብዳል፤ ያን ሁሉ ሰው ጥሶ የሚቀድም ጣት የለም። ሶሲ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆመች። ሁለት ረገጠች፣ ቆመች። ሁለት መታች፣ ቆመች። የሌሊት ወፏ ከኋላ ስትመጣ በዝምታው ላይ አሳልፋት በጭብጨባው ዞራ ጣለቻት። ንጉሡ ወደ ግድግዳው ሸሸ። ትከሻዋ መሄድ ጀመረ፣ የእስክስታ ነው፣ አላወቀችውም። ጨብ፣ ጨብ፣ ዝም። ጨብ፣ እና የንጉሡ ሆድ ለሁለት ተቀደደ፤ ከውስጡ ወርቅ ተዘረገፈ፤ የአምስተኛው ፎቅ በር ወለል ብሎ ተከፈተ።

ቤቱ በእልልታ ተናጋ። አቤል ራሱ እጁን ጭንቅላቱ ላይ አድርጎ ይስቃል። ጋሼ ማሽኑን ነቅለው በዚያው በፌስታሉ ጠቀለሉና ለደስታነሽ ሰጧት። «ክረምቱን ሌክ ሲቲ ነው» አሉ፤ ፍርዱ ጸና። ሶሲ ሶፋው ላይ ቆማ ኮንትሮለሩን እንደ ዋንጫ ከፍ አደረገችው። አቤል ያልደረሰበትን፣ ከክፍሏ ልጆች ማንም ያላየውን በር ከፍታለች። ቁመቷ ጣሪያ የነካ መሰላት።

«እትዬ ነጂባ፣ ምቱን እንዴት እንደያዝኩት አዩልኝ?»

እትዬ ነጂባ የቀላ መዳፋቸውን እያሻሹ ከታች ወደ ላይ አዩዋት።

«ምቱን የያዝነው እኛ ነን፤ አንቺ ቁልፍ ነው የነካካሽው። አሁን ከሶፋው ውረጂና ሳህን አንሺ።»