የሠላሳ ሰባት ሰው ሽንት

በስድስት ዓመት ውስጥ ስለ ዩራኒየም ማውጫው ጉድጓድ ስንት ስብሰባ እንደተደረገ የሚያውቁት የአዳራሹ ወንበሮች ብቻ ናቸው፤ ከእነሱም የግማሾቹ እግር ተሰብሯል። ሰዉ «ቦቴው» የሚለው ሾፌር የተቀመጠው ከኋላ፣ በሩ ሥር ነው። ሽንቱ በየግማሽ ሰዓቱ ስለሚመጣበት ከበር መራቅ አይችልም።

የመንደሩ ጉድጓዶች ውሃ ከተበላሸ ወዲህ ከተራራው ምንጭ በቦቴ መኪና ውሃ የሚያመላልሰው እሱ ነው። ከሚያመጣው ግማሹን ራሱ ይጠጣዋል እያሉ ያሙታል። ጥሙ አይቆርጥለትም። ሲያሾፉበት እሱው ራሱ ወሬውን ያጋንነዋል እንጂ አይቀንስም፤ አንዴማ ምንጩ ጎድሎ እንቁራሪቶቹ አቤቱታ ጻፉብኝ፣ ሁሉም የፈረሙበትን ወረቀት ቤት ረስቼው ነው እንጂ አሳያችሁ ነበር ብሏል።

ዛሬ ግን ወሬ አላማረውም። ፊት ለፊት የማዕድን ድርጅቱ ሐኪም ወረቀት ያገላብጣል።

«ሠላሳ ሰባቱንም የቁፋሮ ሠራተኞች መርምረናል። ከአንዳቸውም ሽንት ዩራኒየም አልተገኘም። ጉድጓዱ ሰው ያሳምማል የሚለው ነገር እዚህ ላይ ያብቃ። ሁለተኛው ጉድጓድ ከምንጩ በላይ ይከፈት የምትሉ፣ እጅ አውጡ።»

ሲስተር፣ ስድስት ዓመት ሙሉ የበሽተኛ ስም ስትመዘግብ የኖረችው የጤና ጣቢያ ነርስ፣ ደብተሯን ዘጋች። አልተናደደችም። ልብስ አጥባ እንደጨረሰች ሴት እጆቿን ጭኗ ላይ አሳረፈች።

ነገሩ የተጀመረው ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። የቦቴው ታላቅ ወንድም፣ ቆፋሪው፣ ለሽንት ምርመራ የተሰጠውን ባዶ ብልቃጥ ይዞ መጣ።

«ዩራኒየም የተገኘበትን ያሰናብታሉ ተብሏል። እኔ ደግሞ አራት ልጅ አለኝ። አንተ ጉድጓድ አትገባ፣ የምትጠጣው ከምንጩ። ሙላልኝ።»

ሞላለት። በማግስቱ የወንድሙ ጓደኛ መጣ፣ ከዚያ የጓደኛው ጓደኛ። ሌላ ሰው ቢሆን ሳምንት በፈጀበት ነበር፤ ቦቴው ሠላሳ ሰባቱን ብልቃጥ በቀን ተኩል ጨርሶ በትርፉ የጎረቤት አጥር አጠጣ። ለዓመት የሚበቃ ወሬ ነበር። ምን ዋጋ አለው፣ ወንድሙ ላይናገር አስምሎታል።

አሁን እጆች መውጣት ጀመሩ። መጀመሪያ የቆፋሪዎቹ ወጣ፣ ቀስ እያለ። ሁለት ረድፍ ቀደም ብሎ የተቀመጠው ወንድሙም እጁን እስከ ትከሻው አደረሰና እዚያው ተወው። ቦቴው የወንድሙን እጅ ትቶ እግሩን አየ። ቁርጭምጭሚቱ አብጦ ከጫማው ተርፏል፤ ክሩ ሳይታሰር መሬት ይጎተታል። ምንጩም ከተበላሸ ደግሞ የወንድሙ ልጆች የሚጠጡት ያንኑ የተበላሸ የጉድጓድ ውሃ ነው።

ተነሣ። «ሽንቱ የእኔ ነው።»

አዳራሹ በድካም ሳቀ። «ደግሞ ጀመረው» አለች አንዷ።

«እንቁራሪቶቹስ ፈረሙበት?» አለ ሌላው።

«የሠላሳ ሰባቱም የእኔ ነው። እኔ ደግሞ ጉድጓዱን ረግጬው አላውቅም።»

«ወንድሜ፣ ተቀመጥ» አለው ሐኪሙ።

ቦቴው ዕድሜውን ሙሉ እንዲህ ያጠረ ወሬ አውርቶ አያውቅም፤ አንድ የሚያምነው ግን ጠፋ። ወደ ወንድሙ ዞረ። ወንድሙ ወለሉን ያያል። ቦቴው ጥሙ መጣበትና ከወንበሩ ሥር ያስቀመጣትን ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን አንሥቶ አንደቀደቀ።

ሲስተር ሲጠጣ አየችው። ጀሪካኗ እስክትጎድል ድረስ ዓይኗን አልነቀለችም።

«ዶክተር፣ ወረቀቶቹን ልያቸው?»

«ምን ገዶኝ። ያልተመረመረ ነገር የለም።»

ጣቷን በመስመሩ ላይ እያስኬደች አነበበች። «ይሄ ስኳር አለበት።» ገለጠች። «ይሄም።» ገለጠች። አሥረኛው ላይ ማንም ሰው አይስቅም ነበር። የመጨረሻውን አስቀመጠች። «ዶክተር፣ ሠላሳ ሰባቱም የስኳር በሽተኞች ናቸው?»

«እኔ ያየሁት የዩራኒየሙን መስመር ነው» አለ ሐኪሙ።

«የእኔ ባል ስኳር የለበትም» አለች አንዲት ሴት ከመካከል፣ የገዛ ባሏን በጥርጣሬ እያየች።

ሲስተር ወደ ቦቴው ዞረች። «አንተ፣ እንዲህ መጠጣት ከጀመርህ ስንት ጊዜህ ነው?»

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። አገር የሳቀበት ጥም በሽታ ኖሯል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንደሚባለው፣ ቦቴው መጨረሻ ሰማ።

እጅ ማውጣቱ ቀረ። ሠላሳ ሰባቱ ሲስተር ባለችበት እንደገና እንዲመረመሩ ተባለና ሰዉ ተበተነ። ወንድሙ ውጭ ጠበቀው።

«አስምዬህ ነበር።»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«አሁን ያባርሩኛል።»

«ጫማህን ካሰርህ ስንት ወር ሆነህ?»

ወንድሙ ጎንበስ ብሎ የሚጎተተውን ክር አየ።

ሰኞ ጠዋት ጤና ጣቢያው አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ቦቴው የተወጋ ጣቱን በጥጥ ይዟል። ወንድሙ ብልቃጡን ከያዘ ሰዓት አልፎታል።

«አልመጣ አለኝ።»

«እኔን አትየኝ። ሱቁ ተዘግቷል።»

ወንድሙ ሳቅ ሊል ሞከረና ደከመው። ቦቴው ጀሪካኗን አነሣ፤ በክዳኗ ቀዳለት።

«ከምንጩ ነው። ጠጣ።»

ጠጣ። ደግሞ ቀዳለት። ሦስተኛው ላይ ወንድሙ ግድግዳውን ተደግፎ ተነሣ፤ ብልቃጡን ይዞ፣ ክሩን እየጎተተ ሽንት ቤት ገባና በሩን ዘጋ።