ሁለት መበለቶች በማትሱዌ

የጀልባዋ ጣሪያ ወደ ታች መውረድ ጀመረ። ጀልባ ነጂው «አንገት ደፋ አድርጉ፤ ይኼ ድልድይ ትሑት ሰው ብቻ ነው የሚያሳልፈው» ሲል ተሳፋሪው ሁሉ እየሳቀ፣ እግሩን በሸፈነው ወፍራም ብርድ ልብስ ላይ ፊቱን ደፋ። ቺዙሩም ደፋች። ከጎኗ የተቀመጡት አማቷ ኡሜኖ ጉንጫቸውን ብርድ ልብሱ ላይ ለጥፈው፣ ፊታቸውን ወደ እሷ አዙረው፣ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ያዩዋታል። ከሥር የከሰል ማሞቂያው ጉልበታቸውን ያሞቃል፤ ከላይ የድልድዩ ድንጋይ እርጥብ ትንፋሹን ይለቅባቸዋል።

«ዕድሜ ልኬን በዚህ ድልድይ ላይ ስመላለስ ኖሬ፣» አሉ ኡሜኖ በሹክሹክታ፣ «ከሥሩ ሳየው የዛሬው የመጀመሪያዬ ነው። ሆዱ እንዲህ የቆሸሸ አይመስለኝም ነበር።»

ቺዙሩ ሳቋን ማፈን አልቻለችም። ጣሪያው ተመልሶ ከፍ ሲል ብርሃን ገባ፤ በቦዩ ግራና ቀኝ ያረጁ ጥዶች ወደ ውሃው አዘንብለዋል፤ ከዛፎቹ በላይ የግንቡ ጥቁር ጣሪያ ክንፉን እንደዘረጋ ወፍ ተቀምጧል። ጀልባ ነጂው ኦጉራ የሰፈራቸው ሰው ነበርና ጀልባዋን እያዞረ ወደ ኋላ ዘወር አለ።

«እትዬ ኡሜኖ፣ የዛሬው ምንድን ነው ነገሩ? እርስዎ እንኳን ሊዝናኑ፣ ታመው እንኳ ሱቅ ዘግተው አያውቁም።»

«አንተ ፊትህን አዙርና ንዳ። ጀልባህን ከግንቡ ጋር ብታጋጭ አገር ጉድ ይላል።»

እውነት ነበር። ሱቃቸው ተዘግቶ አያውቅም። የበራሪ ዓሣ ሥጋ ተወቅጦ፣ በወፍራም ቀርከሃ ላይ ተጠቅልሎ፣ እሳት ላይ እየተሽከረከረ የሚጠበስባት ጠባብ ሱቅ ናት፤ ጭሷ መንገዱን ሁሉ ያውዳል። የቺዙሩ ባል ሂሳሺ በታመመ ጊዜ እንኳ፣ አንዷ ሆስፒታል ስታድር ሌላዋ እሳቱን አላጠፋችም። ሂሳሺ ሞተ፤ ዓመታት አለፉ፤ ሁለቱ ሴቶች ቀርከሃውን ከሁለቱ ጫፍ ይዘው ማሽከርከራቸውን ቀጠሉ። ዛሬ ጠዋት ግን ኡሜኖ የጥቁር ዛጎል ሥጋ ሾርባቸውን ጠጥተው ሲያበቁ ሳህኑን አስቀመጡና «እሳቱን አትለኩሺው፤ ኮትሽን ልበሺ» አሉ። ለምን ስትላቸው፣ «ቱሪስት ሁሉ ከቶኪዮ ድረስ እየመጣ የሚያየውን ከተማ እኔ ሳላየው ልሞት ነው» አሉ። ከዚያ በኋላ አልተከራከረችም።

አለመከራከሯ ግን ልቧ ሌላ ቦታ ስለነበረም ነው። ዛሬ ማታ ስልክ ልትደውል ቃል ገብታ ነበር።

* * *

ምሳ የበሉት ከግንቡ ሰሜን፣ የሳሙራይ ቤቶች በተደረደሩበት መንገድ ላይ ካለች የሶባ ቤት ነው። ሶባው፣ እንደ ፓስታ በቀጭኑ የተቆረጠው ሊጥ፣ በሦስት ክብ ሣጥኖች ተደራርቦ መጣ፤ ጠቆር ያለ፣ ከነገለባው የተፈጨ። ኡሜኖ መረቁን ከላይኛው ላይ አፍስሰው በልተው ሲጨርሱ፣ የቀረውን መረቅ ጠብታ ሳያስቀሩ ወደ ሁለተኛው ገለበጡት።

«ያን ጊዜ ትዝ ይልሻል?» አሉ። «ከተራራው መንደርሽ ወርደሽ በመጣሽ በሳምንትሽ ሂሳሺ እዚህ ይዞን መጣ። አንቺ ደግሞ መረቁን በሦስቱም ላይ እኩል አከፋፍለሽ አፈሰስሽ። እኔ በሆዴ፣ ይቺ ልጅ ቤቴን ታጠፋዋለች አልኩ።»

«በሆድዎ አልነበረም እማማ። ጮክ ብለው ነው ያሉት።»

«ጮክ ብዬ ነው?»

«አስተናጋጇ ሁሉ ሰምታለች።»

ኡሜኖ ጥቂት አሰቡና «ደግ አድርጌአለሁ፤ ይኸው ተማርሽ» አሉ። ከሦስተኛው ሣጥናቸው ግማሹን በመብያ እንጨቶቹ አንስተው ሳይጠይቁ የቺዙሩ ላይ ጨመሩት። ሁልጊዜ የሚያደርጉት ነው። ጠገብኩ እያሉ ሰው ላይ ይጨምራሉ።

ቺዙሩ አቀርቅራ በላች። ማታ ለኩዜ የምትለውን በልቧ ትደጋግማለች፤ ቃሉ ግን እንደ ሶባው አይወርድላትም። ኩዜ በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሙዚቃ ያስተምር የነበረ፣ ቁመቱ ረዘም ያለ፣ ሲናገር የሚቸኩል ሰው ነው። ለሁለት ዓመት በየቅዳሜው ሱቃቸው እየመጣ የተጠበሰ ዓሣ ሲገዛ ኖሮ፣ ባለፈው ጸደይ ወደ ትውልድ ከተማው ወደ ሃኮዳቴ ተመለሰ፤ ወደ ሰሜን፣ ባሕር ወደሚሻገሩበት፣ በረዶው ወደሚቆለልበት አገር። ከመሄዱ በፊት እንድታገባው ጠየቃት። ከዚያ ወዲህ በስልክ ያወራሉ፤ ከምድጃው በስተጀርባ፣ ድምፅ ዝቅ አድርጋ። አትቸኩይ ይላታል ሁልጊዜ፤ ባለፈው ሳምንት ግን እንደ መሳቅ ብሎ፣ «ወይ እሺ በይኝ፣ ወይ እምቢ በይኝ፤ ብቻ አንዱን በይኝ» አላት። እምቢ ልትለው ወስናለች። ስለማትወደው አይደለም። ቀርከሃው ሁለት ጫፍ አለው፤ አንዲት አሮጊት ብቻዋን ልታዞረው አትችልም።

* * *

ከሶባ ቤቱ ሲወጡ ኡሜኖ ወደ ቤት በሚወስደው መንገድ አልታጠፉም። የከተማ አውቶብስ አስቁመው ወጡ። ቺዙሩ የት እንደሚሄዱ የገባት አውቶብሱ የደቡቡን መንገድ ይዞ የሩዝ ማሳዎቹ ሲጀምሩ ነው።

«ያዬጋኪ መቅደስ? እማማ፣ እዚያ እኮ ባል የሚፈልጉ ልጃገረዶች ናቸው የሚሄዱት።»

«ታዲያ እኔ ምን ጎደለኝ?»

ከመቅደሱ ጀርባ፣ በዝግባዎች መካከል፣ ጸጥ ያለ ትንሽ ኩሬ አለ። የአምስት ስድስት ልጃገረዶች ቡድን ዳሩ ላይ ተኮልኩሎ ይንሾካሾካል። እያንዳንዷ ስስ ወረቀት ውሃው ላይ አንሳፍፋ፣ በላዩ ሳንቲም አስቀምጣ ትጠብቃለች፤ ቶሎ የሰመጠላት ቶሎ ታገባለች፣ ቅርብ የሰመጠላት ከቅርብ፣ ርቆ የሄደባት ከሩቅ። ኡሜኖ ሁለት ወረቀት ገዝተው አንዱን ለቺዙሩ ሰጧት።

«አፈርኩ» አለች ቺዙሩ።

«አማልክቱ በዚህ ወር ከየአገሩ ተሰብስበው እዚሁ እኛ ጋ ናቸው። የሰው ትዳር ነው የሚመክሩት ይባላል። እንግዲህ መጥተው በነጻ ከሚቀለቡ ሥራቸውን ይሥሩ።»

የኡሜኖ ወረቀት እግራቸው ሥር ወዲያው ሰመጠ። ልጃገረዶቹ አጨበጨቡላቸው፤ እሳቸውም እንደ ሙሽራ ጎንበስ ብለው አመሰገኑ። የቺዙሩ ወረቀት ግን አልሰመጠም። ቀስ ብሎ፣ ነፋስ ሳይኖር፣ ከዳሩ እየራቀ ሄደ። የወደቀ ቅጠል ነካው፤ ዞረ፤ እንደገና ሄደ። ልጃገረዶቹ ተራ በተራ ጨርሰው ወጡ። ኡሜኖ ጥቂት ታገሡና የጃንጥላቸውን ጫፍ ዘርግተው ወረቀቱን ሊደፍቁት ሞከሩ። አልደረሰላቸውም።

«እማማ፣ ይኼ ማጭበርበር ነው።»

«መርዳት ነው።» ጃንጥላውን ሰበሰቡ። ወረቀቱ ወደ ማዶው ጥላ ገብቶ ነበር። «እይው እስኪ አካሄዱን» አሉ በተረጋጋ ድምፅ። «ሃኮዳቴ ሳይደርስ የሚቆም አይመስልም።»

ቺዙሩ ውሃውን ማየቷን አላቋረጠችም።  የዚያን ከተማ ስም ቤታቸው ውስጥ አንድም ቀን አንስታ አታውቅም።

* * *

ከመቅደሱ በር አጠገብ ባለች ሻይ ቤት ተቀመጡ። በስኳር የተቀቀለ ትኩስ ቀይ ባቄላ፣ መሐሉ የሩዝ ሙልሙል ያለበት፣ በሁለት ጎድጓዳ ሳህን ቀረበላቸው። ቺዙሩ ማንኪያውን አላነሳችም።

«ማን ነገረዎት?»

«ራሱ። ከመሄዱ በፊት መጣ። አንቺ ዓሣ ልታመጪ ወደብ ወርደሽ ነበር። ሻይ ሰጠሁት፤ ስኒውን በሁለት እጁ ይዞ ሳይጠጣ ተቀመጠ። ጠጣው፣ መርዝ አልጨመርኩበትም አልኩት።» ኡሜኖ ባቄላቸውን አማሰሉ። «ምራትዎን ልወስድብዎ ነው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ አለኝ። እሷ እስክትነግረኝ አልሰማሁም፤ አንተም አልመጣህም አልኩት። ይኸው ከጸደይ ጀምሮ አፍ አፍሽን ሳይ ከረምኩ።»

«የምነግርዎት ነገር ስላልነበረ ነው። አልሄድም።»

«አውቃለሁ። ትናንት ለመጪው በጋ ሠርግ ትእዛዝ ስትቀበዪ ሰማሁሽ። ለዚህ እኮ ነው የዛሬውን እሳት ያጠፋሁት።»

የቺዙሩ ፊት ቀላ።  የጠዋቱ ጀልባ፣ ሶባው፣ ኩሬው፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ሌላ መልክ ያዘባት።

«ታዲያ ይኼ ሁሉ መሸኛ ነው በሉኛ» አለች። «አብልቶ ማባረር።»

«ቺዙሩ።»

«እኔ ዕቃ ነኝ? ከተራራው ልጅዎ አመጣኝ፣ ልጅዎ ሞተ፣ አሁን ደግሞ ለሌላ ሰው ጠቅልለው ሊሰጡኝ ነው። ያንን ቀርከሃ ማን አብሮዎት ሊያዞር ነው? ሌሊት ያ ሳልዎ ሲነሳ ማን ውሃ ሊያሞቅልዎ ነው? ይኼንን አስበውታል?»

በዚህ ሁሉ ዓመት ድምፅዋን ከፍ አድርጋባቸው አታውቅም። የሻይ ቤቷ ባለቤት ወደ ጓዳ ገባች። ኡሜኖ አልተቆጡም። አንድ ማንኪያ ጎርሰው፣ ሙልሙሉን ረጅም ጊዜ አኝከው ዋጡ።

«እህቴ ታካ ቤቷን ልታከራይ ነው» አሉ። «እኔ ጋ ትገባለች። ቀኑን ሙሉ እንጣላለን፤ ለአሮጊት ከጠብ የበለጠ መድኃኒት የለም። ምድጃው ሲከብደን እናጠፋዋለን። ከእኔ በፊትም ሰው ሲበላ ኖሯል፣ ከእኔ በኋላም ይበላል።» ከዚያ ድምፃቸው ትንሽ ሻከረ። «አሁን ብዪ። ሲቀዘቅዝ ድንጋይ ነው የሚሆነው።»

ቺዙሩ በላች። 

* * *

በመመለሻው አውቶብስ ወደ ከተማ ገቡ። ኡሜኖ ከሐይቁ ዳር ወረዱ፤ ቺዙሩ ተከተለቻቸው። በዚህ ሰዓት በማትሱዌ ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ ምዕራብ ያዞራል። ፀሐይዋ ከሐይቁ ማዶ ልትገባ ደርሳ፣ ውሃው እስከ እግራቸው ድረስ የመዳብ ቀለም ይዟል። ካሜራ የያዙ እንግዶች ዳሩን ሞልተውታል። ሁሉም የሚጠብቁት አንድ ነገር ነው፤ ፀሐይዋ ከዚያች ጥቂት ጥዶች ከበቀሉባት፣ ብቻዋን ከተቀመጠች ጠፍጣፋ ደሴት ጎን እስክትደርስ። የደሴቲቱ ስም የምራት ደሴት ነው።

ከድንጋዩ ደረጃ ላይ ተቀመጡ። አማቷ ያባረረቻት ምራት በክረምት በረዶ በሠራው ሐይቅ ላይ ወደ እናቷ አገር ስትሄድ በረዶው ተሰብሮ እንደሰመጠች፣ አማልክቱ አዝነው ሬሳዋን በዚያች ደሴት አድርገው ከውሃው እንዳነሱላት የማያውቅ የማትሱዌ ሰው የለም። ቺዙሩ በዚህ ሰዓት፣ ከዚች ሴት ጋር፣ ይህንን ደሴት ማየት አልፈለገችም።

«ሙሽራ ሆኜ ስገባ የሂሳሺ አያት እዚሁ አምጥታ አስቀመጠችኝና ታሪኩን ነገረችኝ» አሉ ኡሜኖ። «እንድፈራት። እኔም ለአንቺ ልነግርሽ አስቤ ነበር፣ ያኔ።»

«ለምን ሳይነግሩኝ ቀሩ?»

«መረቁን ስታፈሺ አይቼ፣ ይቺ የምትፈራ አይደለችም ብዬ ተውኩት።»

ዓይናቸውን ከደሴቲቱ ሳያነሱ ቀጠሉ። «አላባርርሽም፣ ቺዙሩ። ሂሳሺን የቀበርኩ ቀን እኔንም አንቺ እንደምትቀብሪኝ እያሰብኩ ተጽናናሁ። ጥሩ ነበር፣ አልዋሽም። ግን ሰው የራሱን ቀብር እየጠበቀ ሌላውን አጠገቡ አያቆምም። ደሞ በበረዶ ላይ በእግርሽ ሂጂ አላልኩሽም። አውሮፕላን አለ።»

ቺዙሩ ሳቀች፤ ሳቋ መሐል ላይ ተሰበረ። የአሮጊቷን እጅ ያዘች። ከእሳት ጋር የኖረ እጅ ነው፤ ጣቶቹ ላይ ጸጉር የሚባል አልበቀለም። ኡሜኖ እጃቸውን አልነጠቋትም።

«እዚያ ምንድን ነው የሚበሉት?» አሉ ቆይተው።

«ሸርጣን ይበላሉ። ጠጉራም ሸርጣን አለን ይላል።»

«ጠጉራም?»

«እንደዚያ ነው ያለኝ።»

«ይኼ ሰውዬ ይዋሻል» አሉ ኡሜኖ፤ ዓይናቸው ግን ጠበብ ብሎ፣ ያላዩት ምግብ ሲነገራቸው እንደሚሆኑት ሆነ። «ስልክሽን አውጪ። ማታ ስትንሾካሾኪ እኔ እንቅልፍ አጣለሁ።»

ለመነሳት ትከሻዋን ተደገፉ፤ ከዚያ ደረጃውን አንድ በአንድ ወርደው ውሃው ጫፍ ላይ ቆሙ፤ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ምንም እንደማይሰማ ሰው። ፀሐይዋ ከጥዶቹ ጎን ደርሳ ነበር። እንግዶቹ ካሜራቸውን አነሱ።

ቺዙሩ ደወለች። ከምሳ ጀምሮ ስትደጋግመው የዋለችውን የእምቢታ ዓረፍተ ነገር ፈለገች፤ አላገኘችውም።

«ቺዙሩ?» አለ ኩዜ። ከድምፁ ጀርባ ነፋስ ይሰማል። «ማታ አልነበር የምትደውይው? ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ። ሐይቁ ዳር ነኝ።»

«ሸርጣኑን ጠይቂው» አሉ ኡሜኖ ሳይዞሩ። «እውነት ጠጉር እንዳለው።»

«ማነው እሱ?» አለ ኩዜ። «ማነው የሚያወራው?»

ቺዙሩ ወደ ታች አየች። ውሃው ዳር የቆመው ጀርባ ጎበጥ ያለ፣ ኮቱ በነፋስ የተነፋ፣ ከፀሐይዋ ፊት ጥቁር ሆኖ ይታያል።

«እናቴ ናት» አለች።

ጀርባው ትንሽ ቀና አለ። በስልኩ ውስጥ ኩዜ መልሷን ይጠብቃል፤ ፀሐይዋም ቀስ ብላ ውሃውን ነካች።